ጋሼ በቀለ የመስከረም ቢራ ሳይቀምሱ የቆሙበት ቅዳሜ

ቢራ መቅመስ ሥራ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትሳቁበት። እኔ ስቄ አይቻለሁ፣ አልበጀኝም። ስምንት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ቢራ ፊቴ ተደርድሮ፣ እኔ በከረባት ታንቄ፣ አንዱንም ሳልነካ አርባ ደቂቃ ያህል በእግሬ ከቆምኩ በኋላ ግን ሥራ ብቻ ሳይሆን ኦቨርታይም ሊታሰብለት የሚገባ ሥራ መሆኑ ገብቶኛል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሱቄ ኦሃዮ ውስጥ፣ ሞርስ ሮድ የሚባል መንገድ ላይ ነው። በግራዬ ሹሩባ ቤት፣ በቀኜ ታክስ የሚሠራ ሰውዬ፣ መሀል ላይ እኔ። በርበሬ አለኝ፣ ሽሮ አለኝ፣ ቢራ አለኝ፣ የስልክ ቻርጀር አለኝ፣ ማንም የማይገዛው ባለ አበባ ቴርሞስም አለኝ። ያደግሁት መርካቶ ጫማ ተራ ነው፤ ትምህርቴን የጨረስኩትም እዚያው ነው። ሁለቱንም ጫማ ግራ እግር አድርጌ ሸጬ፣ ገዢው ሊመልስ ሲመጣ ሦስተኛ ያስገዛሁት ሰው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ነገሩ እንዴት እንዳበቃ ስትሰሙ የወደቅሁት ከምን ያህል ከፍታ እንደሆነ እንድታውቁልኝ ነው።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ዴል የሚባል ሰው አንድ ካርቶን ቢራ ታቅፎ ሱቄ ገባ። ጢሙ ቀይ ነው፣ ትከሻው በሩን ይሞላል። የራሱን ቢራ ራሱ ጠምቆ፣ ራሱ ተሸክሞ፣ ራሱ ሱቅ ለሱቅ የሚያዞር ሰው ነው። ዳውንታውን አጠገብ አሮጌ መጋዘን አለው፤ በአንድ ወገን ይጠምቅበታል፣ በሌላው ወገን ሰው ተቀምጦ ይጠጣበታል።

"ይሄ የጀርመን ዓይነት የመጸው ላገር ቢራ ነው" አለኝ፣ አንዷን ጣሳ ባንኮኒዬ ላይ እንደ ሕፃን አስቀምጦ። "ድሮ ጀርመኖች በመጋቢት ጠምቀው፣ ክረምቱን ሙሉ" (እነሱ በጋ የሚሉትን ማለቱ ነው) "ቀዝቃዛ ዋሻ ውስጥ አሳድረው፣ መስከረም ላይ ነው የሚከፍቱት። እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው።"

ይህን ሲያስረዳኝ እጁ ሥራ አልፈታም። ደንበኛ እንዲቀምስ ብዬ ባንኮኒው ላይ በሳህን ያስቀመጥኩት ዳቦ ቆሎ አለ፤ እሱን ያፍሳል። ሚስቴ ጽጌ የምትሠራው ነው። ሊጡ በበርበሬና በጥቁር አዝሙድ ታሽቶ፣ ተቆራርጦ፣ ተጠብሶ፣ ጥርስ ላይ ቀው የሚል። ዴል መጋቢት ላይ ሲደርስ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዋሻው ጋ ሲደርስ አፍንጫውን ጠረገ። መስከረም ላይ ሳህኑ ባዶ ነበር።

"ቅዳሜ ቢራ ቤቴ ና" አለኝ። "ቢራውን ቅመስልኝ። እናወራለን።"

ጣሳዋን ትቶልኝ ሄደ።

እናወራለን። ነጋዴ ለሆነ ሰው ከዚህ የሚጣፍጥ ቃል የለም። ግን ያን ዕለት ለእኔ ከንግድም በላይ ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጽጌ ዌርሃውስ ውስጥ ሣጥን ስታነሳ ዘጠኝ ዓመት ሠርታ፣ ባለፈው ፋሲካ አካባቢ ወገቧ እምቢ አላት። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ጓሮ ባለችው ወጥ ቤት ዳቦ ቆሎ ትሠራለች። ሰዉ ይወደዋል፤ ግን አንድ ከረጢት ገዝቶ አንድ ወር ያቆየዋል። ቆጥቦ የሚበላን ሕዝብ ይዞ መክበር አይቻልም። ስለዚህ በዚያው ሰሞን የድሮ አለቃዋ ኮል ሲያደርግላት፣ ከሰኞ ጀምሮ እመለሳለሁ ብላ ቃል ሰጠችው። ለሣጥን ማንሻ የምትታጠቀውን የወገብ ማሰሪያዋን ከቁም ሣጥን አውጥታ አጥባ ስታሰጣ አየኋት።

ዴል ቢራ ቤቱ ውስጥ፣ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ ያን ጨው የተነሰነሰበት የተጠማዘዘ ደረቅ ዳቦ ያቀርባል። በእሱ ቦታ የጽጌን ዳቦ ቆሎ ቢያደርግስ? ያኔ ሰኞ የለም። ሣጥን የለም። ነገሩ ይኸው ነው።

ዓርብ እራት ላይ አወራን።

"ነገ ሄጄ አነጋግረዋለሁ" አልኩ።

"አንተ?" አለች ጽጌ።

"እኔ።"

"አንተ ለብቻህ ከሄድክ የሰውየውን ቢራ ገዝተህ ነው የምትመጣው።"

"እኔ? እኔን? በጫማ ተራ…"

"ጫማ ተራን ተወው። የራስህን ጉዳይ በራስህ አፍ ስትለምን አያምርብህም፤ ሻጭ ትመስላለህ። ጋሼ በቀለን ይዘህ ሂድ።"

ልጃችን ማርታ ከስልኳ ቀና ሳትል፣ "ዳድ፣ ጀስት ቴክስት ሂም" አለች። የዚህ አገር ልጅ ጉዳይን ሁሉ በአውራ ጣት ይጨርሳል።

ቢራዋን ቀምሼ ልሂድ ብዬ ፍሪጁን ብከፍት ጣሳዋ የለችም። ጽጌን ስጠይቃት፣ "ቦታ ይዛ ነበር" አለችኝ። ከእሷ ጋር ፍሪጅ ውስጥ ስላለ ነገር አልከራከርም።

ጋሼ በቀለን ላስተዋውቃችሁ። ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ በር ላይ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ሃያ ምናምን ዓመት ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። አሁን ሥራቸው ሽምግልና ነው። አካሄዳቸው ደግሞ የጥንቱ ነው። ሰው ቤት ይገባሉ፣ ይቆማሉ። ተቀመጡ ሲባሉ፣ "የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም" ይላሉ። ውሃ ሲቀርብላቸው፣ "እሺ ሳንባል አንቀምስም" ይላሉ። ያ ሁሉ ዓመት ተቀምጠው ስለኖሩ ይሁን አላውቅም፣ መቆም ይችሉበታል። የፍቺ ወረቀት የጀመሩ ባልና ሚስት፣ የጋሼ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አይተው፣ እንዲቀመጡላቸው ብቻ ሲታረቁ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ሄጄ አነሳኋቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ ከዘራቸውን ይዘዋል። እኔንም ከረባት አሳስረውኝ ነው የወጡት። ጽጌ የሰጠችኝ በዳቦ ቆሎ የተሞላ ትልቅ የመስታወት ዕቃ ጉልበታቸው ላይ አለ።

ዳውንታውን ስንደርስ የመጀመሪያው ችግር መጣ። ወደ አንድ ማቆሚያ ፎቅ ልታጠፍ ስል፣

"የት ነው የምትገባው?"

"ፓርክ ላድርግ ብዬ ነው ጋሼ።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ያስከፈልኩ ሰው ዛሬ ልክፈል? ዙር!"

ዞርኩ። አራት ጊዜ ዞርኩ። በመጨረሻ ስምንት መስቀለኛ መንገድ ርቀን ነፃ ቦታ አገኘንና በሙሉ ልብስ፣ በፀሐይ፣ እኔ ዕቃውን ታቅፌ በእግር ወደ ቢራው መጣን። እንደዚያ ቀን ቢራ አምሮኝ አያውቅም።

ቤቱ በሰው ሞልቷል። አንድ ሰው አኮርዲዮን ይጫወታል። መሀል ላይ ዴል፣ ጉልበቱ ላይ የሚያልቅ የቆዳ ቁምጣ ለብሶ፣ ቁምጣውን በማንገቻ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ኮፍያው ላይ ላባ ሰክቶ ቆሟል። የጀርመኖቹን የመስከረም ቢራ በዓል አስመልክቶ መልበሱ ነው።

ጋሼ በከዘራቸው አመለከቱ። "ያ ቁምጣ የለበሰው ምን ሆኖ ነው?"

"ባለቤቱ እሱ ነው ጋሼ።"

ትንሽ አሰቡ። "ሱሪውን ለብሶ ይምጣ። እንጠብቃለን።"

ሳንጠብቅ ዴል እየሳቀ መጣና የሁለታችንንም እጅ እንደ ፓምፕ ወዘወዘ። ጥግ ላይ ወዳለ ጠረጴዛ ወስዶን፣ አራት ትናንሽ ብርጭቆ የተሰካበት ሳንቃ አቀረበ። ሁሉም ያው የመስከረም ቢራ ነው፤ የዘንድሮው ከአራት የተለያዩ በርሜሎች የተቀዳ። መልኩን ላሳያችሁ ብችል ደስ ይለኝ ነበር። አዲስ የተወለወለ መዳብ። አረፋው ሁለት ጣት ያህል ቆሟል፣ ብርጭቆው በላብ ተጠምቋል፣ ጠብታዋ ወደ ታች ስትንሸራተት ጉሮሮዬ አብሯት ወረደ።

"ተቀመጡ" አለ ዴል።

"አንቀመጥም" አሉ ጋሼ በአማርኛ።

"መቆም ይመርጣሉ" ብዬ ተረጎምኩ።

"ቅመሱ እንግዲህ!"

እጄን ዘረጋሁ። የጋሼ ጫማ እግሬ ላይ ዐረፈ። ቀላል ሰው አይደሉም።

ጋሼ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈው ጀመሩ። መጀመሪያ ጤናውን ጠየቁ፣ ቀጥሎ የልጆቹን፣ ቀጥሎ፣ "አዝመራው እንዴት ነው?" አሉ። እኔ ይህን ለቢራ ነጋዴ እንዴት እንደምተረጉም ጨንቆኝ እንዳለ አወረድኩት። ዴል ግን ፊቱ በራ። ገብሱን እዚሁ ኦሃዮ ካሉ ገበሬዎች ነው የሚገዛው ለካ! ዝናቡ ዘግይቶ እንደመጣ፣ የአንዱ ማሳ ጎርፍ እንደበላው፣ የሌላው ገብስ ፍሬው እንደ ጥርስ እንደሞላ፣ እጁን እያወናጨፈ ነገራቸው።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "ጨዋ ነው። ቁምጣውን ይቅር ብዬዋለሁ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። "የመጣንበት ጉዳይ አለን። እሺ በለን።"

ተረጎምኩ።

"ምኑን?" አለ ዴል።

"መጀመሪያ እሺ በለን።"

አሁን ይህን አስቡት። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ይህን ሲል ቤተሰቡ ያጉረመርማል፣ አክስት ታለቅሳለች፣ በስተመጨረሻ እሺ ይባላል። እዚህ አገር ግን ሰው ጥርሱን ለመነቀል እንኳ ስድስት ገጽ አንብቦ ነው እሺ የሚለው። ዴል ፈገግ እንዳለ ቀረ። ጋሼ እንደቆሙ ቀሩ። አረፋው መውረድ ጀመረ። ሲወርድ አየሁት፤ እንደ ዘመድ ነው ያዘንኩለት።

"ምናልባት ሞቆባችሁ ይሆናል" አለና ዴል ሮጦ ሄዶ ሌላ ሳንቃ ይዞ መጣ። ይኸው ስምንት ብርጭቆ። "ይሄ አሁን ከበርሜሉ የወጣ ነው። እባካችሁ፣ ቅመሱልኝ።"

"ጋሼ" አልኩ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ። "ሰውየው እኮ ቅመሱ ብሎ ነው የጠራን። መቅመሱ ራሱ ነው ጉዳዩ።"

"ከቀመስን በኋላ ምን እንይዛለን?"

"ማለት?"

"አፉን ያረሰ ሽማግሌ ምን ኃይል አለው? እሱ እሺ እንዲል የሚያስገድደው የእኛ ጥማት ነው። ነጋዴ ነኝ ትላለህ፣ ይቺ ጠፋችህ?"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጫማ ተራ ይህን አላስተማረኝም።

በዚህ መሀል ጋሼን ራብ ያዛቸው። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ነበርና ክዳኑን ከፈቱ።

"አንቀምስም ብለው አልነበረም?"

"ይሄ የራሳችን ነው። አይቆጠርም።" አንድ እፍኝ ወደ አፋቸው ጣሉ።

በዚያ ዕለት ጽጌ በርበሬውን ለጋስ ሆና ነበር። ጋሼ መጀመሪያ ቆመው አኘኩ። ቀጥሎ ቆመው አላባቸው። ቀጥሎ ነጠላቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። ዓይናቸው ከስምንቱ ብርጭቆ ላይ አልተነሳም።

"ጋሼ፣ ትንሽ ይጠጡ።"

"ሞቼ ነው!" አሉ፣ በቀረቻቸው ድምፅ። እናም ሌላ እፍኝ ወሰዱ፤ እንዳልተሸነፉ ለማሳየት።

አጠገባችን አንዲት አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ሴት ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ፣ "እኔም አንድ ልሞክር?" አለችኝ። ዕቃውን ገፋ አደረግኩላት። ቀመሰች። ቢራዋን በአንድ ትንፋሽ ጨርሳ ሌላ አዘዘች። ዕቃውን ለባሏ አሳለፈች። ባሏ ለወዲያኛው ጠረጴዛ። እኔ ዓይኔ ዴል ላይ፣ እግሬ በጋሼ ጫማ ሥር ስለነበር ዕቃው እየራቀ፣ ሰው እየሳለ፣ አስተናጋጆች ቢራ እየተሸከሙ ሲሯሯጡ ልብ አላልኩም።

በመጨረሻ ዴል ላባ ያለበትን ኮፍያውን አወለቀና ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ያ ሁሉ ትከሻ ወደ ታች ወረደ።

"እውነቱን ንገረኝ" አለኝ። "ስድስት ወር ጠብቄ ያወጣሁት ቢራ ነው። ጠላችሁት አይደል? እኚህ አባት እንኳን ሊጠጡት፣ ሲያዩት ላብ እያጠመቃቸው ነው።"

ያኔ አሳዘነኝ። ለካ እሱም የጠራን ሱቄ ቢራውን እንዲይዝለት ሊለምነኝ ነው! ሁለት ለማኝ ፊት ለፊት ቆመን፣ አንዳችን የሌላውን እሺ እየጠበቅን ነው ቢራ ያስሞቅነው። የሽምግልናውን ወግ ከሀ እስከ ፐ አስረዳሁት። እሺ ካልተባሉ እንደማይቀመጡ፣ እንደማይቀምሱ፣ ላባቸው የበርበሬ እንጂ የጥላቻ እንዳልሆነ።

ዴል አፉን ከፍቶ አዳመጠኝ። "እሺ የሚባለው ለምንድነው? ምን ፈልጋችሁ ነው?"

የጋሼን ፊት ሳላይ አፈረጥኩት። "የሚስቴን ዳቦ ቆሎ ጠረጴዛህ ላይ እንድታደርግልን ነው። ካላደረግህ ሰኞ በዚያ ወገቧ ሣጥን ልታነሳ ትመለሳለች።"

"አበላሸኸው" አሉ ጋሼ።

ዴል ግን ተነሳ። "ያ የቀመስኩት? አምጣው እንየው።"

ዕቃውን ፈለግሁት። ወዲያኛው ግድግዳ ጋ፣ አኮርዲዮን ተጫዋቹ እግር ሥር አገኘሁት። ሦስት ፍሬ ቀርቶበታል። የሚስቴ ሰኞ በሦስት ፍሬ ላይ ተንጠልጥላ ይዣት ተመለስኩ።

ዴል አንዷን ወደ አፉ ወረወረ። አኘከ። መንጋጋው ቆመ። ሁለተኛዋን ወስዶ በፊት ጥርሱ ለሁለት ሰበረና ውስጧን ወደ መብራት አድርጎ አየ። ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄ ውስጥ የኔ ቢራ አለ።"

"በፍጹም!" አልኩ። ደነገጥኩ። ሰው ሌባ ያለኝ መሰለኝ። "ዱቄት፣ በርበሬ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዘይት። ሌላ ምንም የለበትም። ጽጌ ትሙት!"

ከድንጋጤዬ ብዛት ይህችንም ተርጉሜያታለሁ።

"ሚስትህ ለምን ትሞታለች?" አለ ዴል፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሽቶ።

"አትሞትም፣ መሐላ ነው።"

"ወገቧን አሟታል አላልክም?"

ነገሩ ወደ ፖሊስ ሳይሄድ ብዬ ስልኬን አወጣሁና ደወልኩላት፤ በስፒከር።

"ጽጌ፣ ዳቦ ቆሎው ውስጥ ቢራ አለ እንዴ?"

ከስልኩ የድስት ክዳን ሲወድቅ ተሰማ።

"ጽጌ?"

"ያቺን ጣሳ ነው" አለች፣ በቀጭኑ። "ቦታ ይዛ ነበር አላልኩህም? ሊጡን በውሃ ፋንታ በእሷ ለወስኩት። ሰውየው ከሚወደው ነገር ትንሽ ቢገባበት ብዬ ነው። ተበላሸ?"

ጋሼ ከዘራቸውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መቱ። "ሽማግሌ አቁመህ በሐሰት ትምላለህ? በሚስትህ? ያውም ሚስትህ እዚያው እየሰማች!"

"እኔ ምን ላውቅ ጋሼ!"

"በምን ማለ?" አለች ጽጌ ከስልኩ።

ዴል አማርኛውን ስለማይሰማ የምትለውን እንድነግረው ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ቀይ ጢሙን ያዘ። ሦስተኛዋን ፍሬ አነሳና ወዲያ ወደ ቤቱ ተመለከተ። አረንጓዴ ሹራብ የለበሰችው ሴት አራተኛ ብርጭቆዋን ይዛ፣ "ያ የሚያቃጥለው ነገር አልቋል?" ብላ ከሩቅ ጠየቀች።

"በየሳምንቱ በእኔ ቢራ ልትሠራው ትችል እንደሆነ ጠይቅልኝ" አለ ዴል።

ጠየቅኩላት። ሰው ወገቡን ቀና ሲያደርግ ይሰማል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ ሰማሁት።

"ጣሳውን ካመጣልኝ" አለች።

"እሺ በላት" አለ ዴል።

ጋሼ አንገታቸውን ወደ እኔ ነቀነቁ። "ያቺን ቃል ሰማኋት ልበል? እሺ ነው ያለው?"

"እሺ ብሏል ጋሼ።"

ጋሼ በቀለ ተቀመጡ። እንዴት ያለ አቀማመጥ መሰላችሁ! ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ፣ ከስምንቱ አንዱን ብርጭቆ አንስተው አፍንጫቸው ሥር አቆዩት፣ ከዚያ ጎነጩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዴል ትንፋሹን ያዘ።

"ከመጋቢት እስከ መስከረም አሳደርኩት ነው ያለው?"

"አዎ።"

"ጠላ ይህን ያህል ቢያድር ኮምጣጤ ነው። ይሄ ግን…" አንድ ጊዜ ጎነጩ። "እንኩሮው በደንብ ተቆልቷል። አላረረም፣ ጥሬም አልሆነ። እጁ ይባረክ በለው።"

እንኩሮን ለዴል ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ለጠላ ተብሎ የሚቆላ ሊጥ፣ መጠጡን ያን የዳቦ ቅርፊት የመሰለ ጣዕም የሚሰጠው፣ አልኩት። ዴል ጉልበቱን፣ ያን ራቁቱን ጉልበት፣ በጥፊ መታው። የብቅሉን አቆላል አባቱ ናቸው ያስተማሩት፤ ቢራውን ከከፈተ ጀምሮ ስንት ሰው ሲቀምስለት ስለ ቁላቱ ያነሳ አንድ ሰው አልነበረም። እኚህ በከዘራ የመጡ ሽማግሌ ግን በሁለት ጉንጭ ደረሱበት።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ ነገር የወንድማማች ሆነ። ጋሼ ስድስቱን ብርጭቆ ለብቻቸው አወራረዱ። ዴል ሞቅ ብሎት ወደ እኔ ዞረና፣ "ሱቅህስ ስንት ካርቶን ይያዝልኝ?" አለኝ።

ለድርድር አፌን ስከፍት፣ ሃያ ምናምን ዓመት ትኬት ሲቆርጡ ሰላምታ ብቻ በእንግሊዝኛ ሲመልሱ የኖሩት ጋሼ በቀለ፣ ብርጭቆአቸውን ከፍ አድርገው፣

"ትዌንቲ!" አሉ።

ተጨበጠ። ጽጌ እንዳለችው የሰውየውን ቢራ ገዝቼ ልሄድ ነው።

የምነዳው እኔ ስለሆንኩ አንዲት ጉንጭ ብቻ ወሰድኩ። ሙቅ ነበር፣ አረፋው ሞቶ ነበር። ቢሆንም መጀመሪያ የዳቦ ቅርፊት፣ ቀጥሎ ለስለስ ያለ ጣፋጭ፣ መጨረሻ ላይ አፍ የሚያጠራ ቅንጣት ምሬት። ሙቁ እንዲህ ከሆነ ቀዝቃዛው ምን ይሆን ነበር እያልኩ ስምንት መንገድ ጋሼን ደግፌ ወደ መኪናዬ ሄድኩ።

ከመውጣታችን በፊት ግን ዴል እጄን ያዘኝ። ቢራ ቤቱን ከወንድሙ ጋር ነበር የጀመረው። ባለፈው ዓመት ተጣልተው ወንድሙ ጥሎት ሄደ፤ አይነጋገሩም።

"በምን ተጣሉ?" አሉ ጋሼ።

"ቢራው ውስጥ ዱባ ይግባ አይግባ በሚል።"

"በዱባ?"

"በዱባ።"

ጋሼ አልሳቁም። "ከዚህ ባነሰ ነገር ሲፋቱ አይቻለሁ" አሉ። "ቤቱ የት ነው?"

ሰኞ መጣ። ጽጌ ለአለቃዋ ቀድማ ኮል አድርጋ አልመጣም ብላዋለች። የወገብ ማሰሪያዋን የዱቄት ጆንያ አፍ አስራበት አየሁት፤ ሌላ አንጀት የሚያርስ ነገር በዚያ ሳምንት አላየሁም። ሃያው ካርቶን ጓሮ ተደርድሯል። አሁን አቀዝቅዤ በሥርዓት ልቀምስ ብዬ አንዷን ጣሳ ሳነሳ ከጀርባዬ፣

"አስቀምጣት። ለሊጥ ነው" አለች።

"ሃያ ካርቶን?"

"ዴል ስንት ጠረጴዛ እንዳለው አልቆጠርክም? ደግሞ በሐሰት ለማለ ሰው ቢራ አልሰጥም።"

ጣሳዋን ሳስቀምጥ የሱቁ በር ተከፈተ። ጋሼ በቀለ ናቸው፤ ሙሉ ልብስ፣ ነጠላ፣ ከዘራ።

"ከረባትህን እሰር" አሉኝ። "ልትተረጉምልኝ ነው።"

የዴል ወንድም ብሌንደን ታውንሺፕ በሚባል ሰፈር፣ ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ነው የሚኖረው። እሱም ቀይ ጢም አለው። በረንዳው ላይ በሙሉ ልብስ ሁለት ጥቁር ሰዎች ቆመው ሲያይ ግር አለው፤ ግን ደግ ሰው ነው፣ ወንበር ሳበልን።

"አንቀመጥም" አሉ ጋሼ።

ሰውየው ሙቀቱ ያደከመን መሰለውና ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ራሱ ጠምቆ ያወጣውን፣ አረፋው ገና የቆመ፣ ብርጭቆው በላብ የተጠመቀ ሁለት ቀዝቃዛ የዱባ ቢራ ይዞ መጥቶ በረንዳው መደገፊያ ላይ አስቀመጠልን።

እግሬን ከጋሼ ጫማ አጠገብ ቀድሜ ሰበሰብኩ።